ከእናቷ ጋር ትተያይ!

የኔታ ጥሩነህ አረፉ ብላ የደወለችልኝ አስናቀች ናት። አርብ ገበያ ጤና ጣቢያ አብረን ሠርተናል፤ በየኔታ ግቢም ጎረቤቴ ነበረች፤ እስከ ዛሬም እዚያው አራተኛዋ ክፍል ውስጥ ተከራይታ ትኖራለች። ድምጿ በለቅሶ ተዘግቷል። "ቀብሩ ላይ እንዴት ያለ ለቅሶ ነበር መሰለሽ!" አለችኝ። "እኛ ተከራዮቹማ ደረታችንን ስንደቃ ያየን ሁሉ የሥጋ ዘመድ ነው የመሰልነው።" ለምን እንደዚያ እንዳለቀሱ መጠየቅ አላስፈለገኝም። አምስት ተከራይ፣ አምስት ማስያዣ። ሟቹ በሕይወት ሳሉ ማስያዣ መመለስ የማይሆንላቸው ሰው ነበሩ፤ ሞተው ይመልሳሉ ብሎ ማን ተስፋ ያደርጋል?

ደግነቱ ተናዘው ነው የሞቱት። የንስሐ አባታቸው ከቀብር መልስ ተከራዮቹን ሰብስበው ኑዛዜውን አነበቡላቸው። "የተከራዮቼ ማስያዣ አንድም ሳይጎድል ይመለስላቸው" ይላል። አስናቀች እልል ልትል አፏን ስትከፍት ቀጣዩ መስመር ተነበበ፤ "ግድግዳው ከታየ በኋላ።"

ስልኩን ዘግቼ ብቻዬን ከት ብዬ ሳቅኩ።

የኔታ ጥሩነህን ሳያውቅ የቀረ ሰው ብዙ ነገር ቀርቶበታል። ገንዘቡ ግን ተርፎለታል። ረጅምና ቀጭን፣ ነጭ ጥምጣማቸው ቅንድባቸው ድረስ የወረደ፣ ሲራመዱ መሬቱን የሚፈትሹ የሚመስሉ ሰው ነበሩ። በወጣትነታቸው የድጓ ማስመስከሪያ ደብር ከሆነው ከቤተ ልሔም ገብተው ድጓ የተባለውን የቤተ ክርስቲያን የዜማ መጽሐፍ ተምረዋል። የድጓ ተማሪ መጽሐፉን በገዛ እጁ ይጽፋል፤ የጻፈውም "እናት" ከሚሉት ከዋናው መጽሐፍ ጋር መስመር በመስመር እየተያየ ይታረማል፤ ይህ ሳይሆን ምስክር፣ ማለትም ማስተማር የተፈቀደለት መምህር፣ ሆኖ አይወጣም። የኔታ ምስክር ሳይሆኑ ነው የወጡት። ለምን እንደ ወጡ አርብ ገበያ ላይ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። አንዱ ታመው ነው ይላል፣ ሌላው ቦታ ወርሰው ነው ይላል። አንድም ደቀ መዝሙር ሳይኖራቸው የኔታ የተባሉት በተከራዮቻቸው ነው፤ ዕድሜ ልካቸውን ሲያርሙ የኖሩት እኛን ነዋ።

ከገበያው በላይ ባለው ቦታቸው ላይ ስድስት የጭቃ ክፍሎች በአንድ ረድፍ አሠርተዋል። ስድስቱም በአንድ ሳምንት ተመርገው በአንድ ቀን ኖራ የተቀቡ ናቸው። አምስቱን አከራዩ። የመጀመሪያዋን ግን ባዶዋን ቆለፏትና "እናት" አሏት። ተከራይ በሚወጣበት ቀን ቁልፉን ከአንገታቸው ማተብ ላይ ፈትተው እናትን ይከፍታሉ፤ ግድግዳዋን ያያሉ፤ ወደ ተከራዩ ክፍል ይመለሳሉ፤ እንደገና ወደ እናት ይሄዳሉ። እናት ላይ የሌለ ነጥብ ልጅ ላይ ከተገኘ ማስያዣው አበቃለት። አንድ የሒሳብ መምህር፣ ያቺ ተዘግታ የምትኖር ክፍል ብትከራይ ከሁሉም ማስያዣ የበለጠ ታገባልዎት ነበር ብሎ ቢያስረዳቸው በሳምንቱ ውጣ ተባለ። በሒሳብ ሊያሸንፏቸው ያሰቡ ሁሉ እንዲህ ነው የቀሩት።

እኔ የጤና ጣቢያው ላቦራቶሪ ባለሙያ ሆኜ ተመድቤ እንደ ሄድኩ ሦስተኛዋን ክፍል ተከራየሁ። የሁለት ወር ኪራይ ማስያዣ ተቀበሉኝና ትልቅ ደብተር አወጡ። የእኔን ስም፣ ትርንጎን፣ በጥቁር ቀለም ጻፉ። የራሳቸውን ስም በቀይ ጻፉ። በመጽሐፎቻችን በቀይ የሚጻፈው የአምላክና የቅዱሳን ስም መሆኑን አውቃለሁ፤ ግን የቤት ችግር ስለነበረብኝ ዝም አልኩ። ከዚያ ክፍሏን ከደብተሩ ያነቡልኝ ጀመር።

"ከመስኮቱ በታች የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ስንጥቅ አለች። አየሻት?"

"አየኋት የኔታ።"

"ደህና አድርገሽ ተዋወቂያት። ስትወጪም እዚያው ናት። አድጋ እንዳትጠብቀኝ!"

ምስማር አይመታም፣ ሥዕል አይለጠፍም፣ አልጋ ከግድግዳ አንድ ክንድ ይርቃል። በዚህ ሕግ ሁለት ዓመት ሙሉ ፍትሐት እንደሚደረግለት አስከሬን ከቤቱ መሀል ላይ ተኛሁ። ልብሴን ከጣራው እንጨት በወረደ ገመድ ላይ አሰጣለሁ። እንግዳ ሲመጣ "እባክህ አትደገፍ" ማለት ከሰላምታው ጋር አንድ ሆነብኝ።

ከእኔ በፊት የነበሩት ታሪካቸው በግቢው ይነገራል። የፊዚክሱ መምህር አልጋው ላይ ተቀምጦ ሲያነብ ጭንቅላቱን ግድግዳው ላይ ያስደግፍ ኖሮ ቅባቱ አሻራ ጣለ፤ ማስያዣው በዚያ ሄደ። ሰው አስሮ የሚያሳድር ፖሊስ ደግሞ በአንዲት የምስማር ቀዳዳ ተያዘ። ቀዳዳዋን በነጭ የጥርስ ሳሙና ደፍኗት ነበር። የኔታ ጣታቸውን በምራቃቸው ረጠብ አድርገው ግድግዳው ላይ ሲያስኬዱ፣ ለራሳቸው ዝቅ ባለ ድምፅ ሲያዜሙ፣ ድንገት "ቆይ!" አሉ፤ ጣታቸውን ቀመስ አደረጉና "ይኸስ ይቀዘቅዛል" አሉት። ፖሊሱ መሣሪያ ታጥቆ እንደ ቆመ አንገቱን ደፋ ይላሉ። እኔ በማይክሮስኮፕ የማላገኘውን እሳቸው በጣታቸው ያገኙ ነበር።

ለክርክር ቦታ የላቸውም። ተከራዩ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ እሳቸው ዝቅ ያደርጋሉ። መጨረሻ ላይ አንድ ቃል አለቻቸው፤ እጃቸውን ወደ ተቆለፈችው በር ዘርግተው "ከእናቷ ጋር ትተያይ!" ይላሉ። ከዚያ በኋላ ይግባኝ የለም።

ሐሰት እንዳልናገር፣ ደግ ቀንም ነበራቸው። አንድ ጊዜ ታይፎይድ ይዞኝ አምስት ቀን ተኛሁ። የኔታ በየማለዳው ከክፍሌ በር ውጭ ቆመው የዕለቱን ውዳሴ ማርያም ይደግሙልኛል፤ ሲጨርሱ በኩባያ እርጎ ደጃፉ ላይ አስቀምጠው ይሄዳሉ። ማን እንዲህ ይጠይቀኛል ብዬ ትራሴን በእንባ አራስኩ። በስድስተኛው ቀን ተነስቼ ኩባያውን አጥቤ በሁለት እጄ ሳቀብላቸው ወደ ፀሐይ አዙረው አዩትና "ጭረቱ ቀድሞም ነበር?" አሉኝ።

መውጣት የነበረብኝ በእናቴ ምክንያት ነው። እናቴ እስቴ ገጠር ውስጥ ከወንድሜ ጋር ትኖር ነበር፤ ግማሽ ጎኗ አልታዘዝ አላት። በየሳምንቱ ሐኪም ማየት ስላለባት ጎረቤት በቃሬዛ ተሸክሟት ሦስት ሰዓት ይጓዛል። ሸክሙ ጎረቤቱን ሰልችቶታል፤ አፍ አውጥተው ባይናገሩም እናቴ ገብቷታል፤ "ተዪኝ፣ እዚሁ ልሙት" ማለት ጀምራለች። ዝውውር ጠይቄ ተፈቀደልኝ። እስቴ ከተማ፣ ከሆስፒታሉ ፊት ለፊት፣ ደረጃ የሌላት አንዲት ክፍል ተገኘች። አከራይዋ ግን "እስከ እሑድ ማስያዣውን ይዘሽ ካልመጣሽ ቤቱን የሚጠብቅ ሌላ ተከራይ አለኝ" አሉኝ። ያጠራቀምኳት ዕቃዬን ለሚጭነው አይሱዙ ኪራይ ሄዳለች። የቀረኝ ገንዘብ የኔታ እጅ ያለው ብቻ ነው። የኔታ እጅ ደግሞ የገባ ወጥቶ አያውቅም።

ርክክቡ እማኝ ይፈልጋል፤ የኔታ እማኝ ሳይኖር የእናትን በር አይከፍቱም። አስናቀችን ለመንኳት። "እኔ ገና የምወጣ ሰው ነኝ፤ ዛሬ ላንቺ ብመሰክር ነገ ማን ያድነኛል?" አለች። ሌሎቹም እንዲሁ። ዓርብ ጠዋት የመጨረሻ ሥራዬን ስሠራ መሪጌታ እንባቆም የስኳር ምርመራቸውን ሊያደርጉ ገቡ። በየዓርቡ ከገጠር አህያቸውን ነድተው ገበያ የሚመጡ፣ ረጅም ዘመን ወሎ ድጓ ሲያስተምሩ ኖረው በቅርቡ ወደ አገራቸው የተመለሱ ሽማግሌ ናቸው። ጣታቸውን እየወጋሁ ችግሬን ነገርኳቸውና "ለግማሽ ሰዓት እማኝ ይሁኑኝ" አልኳቸው።

"ከማን ጋር ነው ነገርሽ?"

"ከየኔታ ጥሩነህ ጋር።"

ቀና ብለው አዩኝ። "የትኛው ጥሩነህ? ቤተ ልሔም የነበረው? ረጅሙ?"

"እሳቸው ናቸው።"

"እሄዳለሁ" አሉ። ውጤታቸውን እንኳ ሳይጠብቁ ጋቢያቸውን አጣፉ።

እኩለ ቀን ላይ አይሱዙው ዕቃዬን ጭኖ በር ላይ ቆሟል። ሹፌሩ መንገዱ ሳይጨልም ካልወጣን እያለ ጥሩምባ ይነፋል። የኔታ ክፍሌ ውስጥ ጣታቸውን ረጠብ አድርገው እያዜሙ ይዞራሉ። መሪጌታ እንባቆምን ሲያዩ ዜማው ቀጥ አለ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ተያዩ፤ ሰላምታ ተሰጣጡ፤ ትከሻ ለትከሻ ተሳሳሙ። የኔታ ወደ ግድግዳው ተመለሱና ከቀድሞው የባሰ አጥብቀው ያዙት። ከበሩ ጀርባ የከሰል ጥላሸት። "ቆይ!" ወለሉ ላይ የአልጋ እግር ያጎደጎዳቸው አራት ቦታዎች። "ቆይ!" ስንጥቋም ከጥፍር አልፋ ጣት አክላለች። ሁሉም ደብተሩ ላይ ሰፈረ።

"የኔታ፣ እናቴ በቃሬዛ ነው የምትኖረው። ይህን ብር ካላገኘሁ ቤቱ ያመልጠኛል" አልኳቸው።

"እግዚአብሔር ይማርልሽ" አሉ፤ ከልባቸው ነው። "ነገሩ ግን የእኔና ያንቺ አይደለም። ከእናቷ ጋር ትተያይ!"

ወደ እናት ሄድን። ከእኔ በፊት ተከራይ ከወጣ ሁለት ክረምት አልፏል፤ በሁለቱም ክረምት ያቺ በር አልተከፈተችም። ቁልፉ ዝጎ አልዞር አለ። ሹፌሩ ትዕግሥቱ አለቀና ወርዶ በትከሻው ገፋው። በሩ ከነመቃኑ ወደ ውስጥ ሄደ።

የበሰበሰ ጭድ ሽታ ወጣ። የጣራው ቆርቆሮ አንድ ምስማር ለቆ ኖሮ ሁለት ክረምት ዝናብ ገብቶበታል። ምስጥ ከወለል እስከ ጣራ የጭቃ መንገዱን ዘርግቷል። የማዕዘኑ ምርጊት ወርዶ ማገሩ እንደ ጎድን አጥንት ወጥቷል። የኔታ ገቡ። ጣታቸውን በልማዳቸው ረጠብ አድርገው ግድግዳው ላይ አሳረፉ። ጣታቸው እስከ ሁለተኛው አንጓ ግድግዳው ውስጥ ገባ።

ጣታቸውን ሳያወጡ ወደ እኔ ዞሩና እንዲህ አሉ፤

"ያንቺ ክፍል ልዩነት አላት።"

"ምን አሉኝ?"

"እናት እንዲህ ናት። ያንቺ እንዲህ አይደለችም። ልዩነት ልዩነት ነው።"

ሹፌሩ ሳቁን መያዝ አቅቶት ወደ ውጭ ሮጠ። እኔ ግን ደሜ ፈላ። "ታዲያ ምን ላድርግ ነበር የኔታ? እንደ ምስጡ ግድግዳውን ልብላው?" ብዬ ጮህኩባቸው። ለትልቅ ሰው እንደዚያ ተናግሬ አላውቅም። እሳቸው ግን እኔን አልሰሙም፤ ዓይናቸው መሪጌታ እንባቆም ላይ ነው። መሪጌታ መቋሚያቸውን ተደግፈው በሩ ላይ ቆመዋል።

"ጥሩነህ" አሉ መሪጌታ። አርብ ገበያ ላይ እሳቸውን ሰው አንተ ብሎ ሲጠራቸው የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። "ያኔ ቤተ ልሔም አብረን ስንማርም እንዲሁ ነበርክ። በመጽሐፍህ ላይ ሦስት መስመር ተሳስተሃል፣ ፍቀህ አርም ብለን ምላጭ ሰጠንህ። ሦስት መስመር ብቻ! ምላጩን ወርውረህ፣ መጽሐፍህን ታቅፈህ፣ ሳትሰናበተን ሄድክ። እኔ እኮ እስከ ወንዙ ድረስ ተከትዬህ ነበር።"

ከጥምጣማቸው ሥር ያለውን የየኔታን ፊት ሳየው የሽማግሌ ፊት አልነበረም። የተቀየመ ተማሪ ፊት ነበር።

"አሁንስ?" አሉ መሪጌታ፤ በቁጣ አይደለም። "ይቺ ልጅ ቤትህን ጠብቃ አኑራልሃለች። እናት የተባለችው ወድቃለች። አሁንስ ትፍቃለህ?"

ውጭ የገበያው ጫጫታ ይሰማል። አህያ ያናፋል። የኔታ ጣታቸውን ከግድግዳው አወጡ፤ ጭቃውን በጋቢያቸው ጠረጉ። ከዚያ በቀጭን ድምፅ "ምላጭ አምጡልኝ" አሉ።

ሹፌሩ ከማዶ ካለው የሙስሊሙ ነጋዴ ሱቅ ሮጦ ገዝቶ መጣ። የኔታ ደጃፉ ላይ ባለው ድንጋይ ተቀምጠው ደብተሩን ጉልበታቸው ላይ ዘረጉ። በስሜ ሥር የጻፏቸውን ሦስት መስመሮች መፋቅ ጀመሩ። ብራና ይፋቃል፤ የተማሪ ደብተር ግን አይፋቅም። ወረቀቱ ተቀደደ። እሳቸው ግን አላቆሙም፤ ከንፈራቸውን ነክሰው፣ ሦስቱም መስመር ቀዳዳ እስኪሆን ፋቁት። ከገጹ ጀርባ የፊዚክሱ መምህር ጥፋት ተጽፎ ኖሮ እሱም አብሮ ጠፋ። መሪጌታ እንባቆም ፊታቸውን ወደ ገበያው መልሰው ዓይናቸውን ጠረጉ። እኔም ሰዓቱንም ጥሩምባውንም ረስቼ ቆሜ ቀረሁ።

ሲጨርሱ ወደ ቤታቸው ገብተው አንድ የእንጨት ሣጥን ይዘው ወጡ። ሣጥኑ በትናንሽ የጨርቅ ቋጠሮዎች ሞልቷል፤ በእያንዳንዱ ላይ ስም ተጽፏል። የፖሊሱ አለ። የፊዚክሱ መምህር አለ። ከአንዱ ቋጠሮ ጫፍ ገበያ የማይቀበለው የዱሮው ብር ብቅ ብሎ ይታያል። ሰውየው ከማስያዣ አንዲት ሳንቲም በልተው አያውቁም! ተከራዩም አልበላው፣ እሳቸውም አልበሉት፤ ዘመን በላው። ልሳቅ ወይስ ልጩህ ግራ ገባኝ። የእኔን ቋጠሮ ፈቱ፤ ብሩ ከሁለት ዓመት በፊት እኔ እንዳጠፍኩት ታጥፎ ተቀምጧል።

"እንደ ተረከብኩት ነው" አሉ።

እጄን ዘረጋሁ። የኔታ ሊያቀብሉኝ ሲሉ ቆም አሉ፤ ትንሽ አሰቡ፤ ከመሀል አንዲት አምስት ብር መዘዙና ለሹፌሩ ሰጡት።

"የምላጩ" አሉኝ።

አፌን ከፈትኩ። መሪጌታ እንባቆም ከኋላቸው ሆነው ራሳቸውን ነቀነቁልኝ፤ ዘጋሁት። አይሱዙው ከከተማው እስኪወጣ ሹፌሩ መሪውን እየደበደበ ሳቀ፤ እኔ ገንዘቤን በሁለት እጄ ጨብጬ አለቀስኩ። ያለቀስኩት ለእናቴ ብቻ አልነበረም። ለሦስት መስመር ብለው አርባ ዓመት ስላኮረፉት ሰው አዝኜ ነበር፤ ዛሬም አዝናለሁ።

እሑድ ማታ እናቴ ከሆስፒታሉ ፊት ለፊት ባለችው ክፍል ውስጥ፣ ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ አለች። አምስቷን ብር ከደመወዝ ላይ ነው የሞላኋት። የኔታን እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ይማር። እኔም ሁሉንም ይቅር ብያቸዋለሁ፤ ስለ ምላጩ ግን ገና እያሰብኩበት ነው።